ጥላው የማን ሥራ ነው? የሩት አሳዋን ዐውደ ርዕይ ያያችሁ ተወያዩበት

መነሻ ጽሑፍ

ሩት አሳዋን የማያውቅ አንባቢ ይኖራልና ከእሷ ልጀምር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1926 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖርዎክ በተባለ ቦታ ከጃፓን ከመጡ ገበሬዎች ተወለደች። አብዛኛውን ዕድሜዋን በሳን ፍራንሲስኮ ኖራ በ2013 ዐረፈች። ስሟን ያስጠሩት የሽቦ ሥራዎቿ ናቸው፤ ከጣሪያ ተንጠልጥለው ይወርዳሉ፣ ሲወርዱ እየሰፉ እየጠበቡ ይሄዳሉ፣ በአንዱ ክብ ሆድ ውስጥ ሌላ ክብ ይዘዋል። ሽቦው ዐይን አይከለክልም። ከፊት ያለው፣ ከውስጥ ያለውና ከጀርባ ያለው በአንድ ጊዜ ይታያል።

የሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የዕድሜ ልክ ሥራዎቿን የሚያሳይ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር 2025 አቅርቦ ነበር። ያው ዐውደ ርዕይ በኦክቶበር ወደ ኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ተሻገረ። ሥዕሉ፣ ኅትመቱና ቅርጻ ቅርጹ ተደምሮ ከ300 በላይ ሥራ ነው። በሌላ በኩል በጎልደን ጌት ፓርክ የሚገኘው የደ ያንግ ሙዚየም ከ2005 ጀምሮ 15 ሥራዎቿን ከማማው ሥር በቋሚነት ሰቅሏል። እዚያ መብራቱ ሆን ተብሎ የእያንዳንዱን ሥራ ጥላ በኮንክሪቱ ግድግዳ ላይ ይጥላል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያ ጥላ የአሳዋ ሥራ ነው ወይስ መብራቱን የሰቀለው ሰው? የእኔ አቋም የታወቀ ይሁን፤ ጥላው የሥራው ግማሽ ነው። ሽቦው ከመስመር ተነሥቶ ሙሉ አካል ይሆናል፤ ጥላው ያንኑ አካል መልሶ መስመር ያደርገዋል። አንዱን ሥራ ቀርባችሁ እዩት። የውስጠኛው ክብ ቀለበቶች ከውጨኛው ቀለበቶች ጋር በሚደራረቡበት ቦታ ግድግዳው ላይ ጠቆር ያለ እምብርት ይፈጠራል፤ ሽቦው ላይ ግን እንዲህ ያለ ጥቁረት የለም። ከሠዓሊውና ከጥበብ መምህሩ ከዮሴፍ አልበርስ የተማረች ሰው፣ በመስመሮች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከመስመሩ እኩል ዋጋ እንዳለው በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ከ1946 እስከ 1949 የተማረች ሰው፣ ይህን ሳታየው ሠራች ማለት አይሆንልኝም። ተመልካቹ ግን ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ሽቦውን ብቻ ሲያይ ይውላል። ምን ትላላችሁ?

የመጡት መልሶች

መልስ 1 ከኦክላንድ የጻፈች እናት ናት። ሰላምታዋን አስቀድማ በሐሳቤ ተስማማች። ልጆቿን ወደ ደ ያንግ ማማ ስትወስድ መጀመሪያ የሮጡት ወደ ሽቦው ሳይሆን ወደ ግድግዳው እንደነበር፣ ትንሹ ልጇም የትኛው ጥላ የየትኛው ሽቦ እንደሆነ በጣቱ እያመለከተ ሲያዛምድ እንደቆየ ጻፈች። ይህን ምስክርነት ወደድሁት፤ ልጆች ከየት ማየት እንደሚጀምሩ ማንም አላስተማራቸውም።

መልስ 2 ግን ጠንከር ብሎ መጣ። ወንድሜ ብሎ በአክብሮት ከጀመረ በኋላ፣ ብርሃን ያገኘው ወንበርም ሆነ ዛፍ ሁሉ ጥላ እንደሚጥል፣ ጥላ የማንም ሥራ እንዳልሆነ አስረግጦ ተናገረ። ሠዓሊዋ ጥላውን ብትፈልገው ኖሮ ከሥራው ጋር መብራትም አያይዛ ትሸጥ ነበር የሚል ነው መከራከሪያው። የሙዚየም ጎብኚ ሁሉ ያማረ ነገር ባየ ቁጥር ለሠዓሊው ማስረከቡ ልማድ እንደሆነበትም አከለ። ክርክሩ ደካማ አይደለም፤ ለዚህም ነው ወዲያው ሳልመልስ የተውሁት።

መልስ 3 ወሬውን ወዳላሰብሁት አቅጣጫ ወሰደው። ደሴ ያደገች፣ አሁን ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር እህት ናት። ከፎቶግራፉ ላይ ሽቦውን አጉልታ ስታየው ያየችው የእናቷን ዳንቴል እንደሆነ ጻፈች። በኪሮሽ አንዱን ቀለበት ከሌላው እየሳቡ ማውጣት፣ ቀለበት ሲጨመር መስፋቱ፣ ሲቀነስ መጥበቡ፣ ሁሉም ያው ነው አለች። እናቷ ሌሊት ኩራዝ አጠገብ ስትሠራ የዳንቴሉ ጥላ በጭቃው ግድግዳ ላይ ይታይ እንደነበር፣ እሷና እህቶቿም አንሶላ ውስጥ ሆነው ያንን እያዩ እንደሚተኙ ገለጸች። ከዚያ በቁጣ የሚጠጋ ጥያቄ አነሣች፤ የእናቷ ሥራ ቴሌቪዥን ላይ ተጥሎ አቧራ ሲለብስ የአሳዋ ለምን ሙዚየም ገባ? ጥያቄዋ እስከ መጨረሻው ድረስ ተመላልሶ መጥቷል።

መልስ 4 ታሪክ ሊነግረን የፈለገ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት 120,000 ያህል ጃፓናዊ የዘር ሐረግ ያላቸውን ሰዎች ከቤታቸው አፈናቅሎ በካምፕ እንዳጎረ፣ የአሳዋም ቤተሰብ ከእነሱ አንዱ እንደነበር አስታወሰ። እስከዚህ ልክ ነው። የሽቦ ሥራውን የተማረችው ከካምፑ አጥር ነው ብሎ ሲጨምር ግን ስሕተት ገባበት።

መልስ 5 በትሕትና አረመው። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል፤ ብዙዎችም ከዚያ በኋላ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። አሳዋ በ1942 መጀመሪያ ከእናቷና ከእኅት ወንድሞቿ ጋር ሳንታ አኒታ በተባለው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ በፈረስ ጋጣ ውስጥ እንድትኖር ተደረገ። ከዚያ ወደ አርካንሶው ግዛት ሮወር ካምፕ ተዛወረች። አባቷ ቀደም ብለው በፌዴራል መርማሪዎች ተይዘው ስለነበር ለዓመታት አላየቻቸውም። በፈረስ ሜዳው የተማረችው ሥዕል ነው፤ አስተማሪዎቿም አብረው የታጎሩ የዲዝኒ ሠዓሊዎች ነበሩ። ሽቦውን ያገኘችው ግን ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947 ሜክሲኮ ቶሉካ ውስጥ ነው፤ የአገሬው ሰዎች የእንቁላል መያዣ ቅርጫት ከሽቦ ሲሠሩ አይታ ከእነሱ ተማረች። ጋሼ ይህን ሁሉ ካስረዱ በኋላ የአጥሩ ተረት የሚወደደው ለጆሮ ስለሚመች ብቻ መሆኑን ተናገሩ፤ እውነተኛው ታሪክ ግን ለሜክሲኮ ቅርጫት ሠሪዎች የሚገባቸውን ክብር ይሰጣል። ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የመከራ ታሪክ ያለበትን ሰው ሥራ ሁሉ ከመከራው ማውጣት ሰውየውን እንደገና ማጎር ነው።

መልስ 6 የምስጋና ቃል ብቻ ነበር። መልስ 4ን የጻፈው ሰው እርማቱን ተቀብሎ አለፈ።

መልስ 7 የቴአትር መብራት ባለሙያ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን የቆየ ይመስላል፤ የጻፈውም የእኔን ጥያቄ ከስሜት አውጥቶ በሜትር የሚለካ አደረገው። የጥላ ጥራት የሚወሰነው በሦስት ነገር እንደሆነ አስረዳ፤ በመብራቱ ስፋት፣ መብራቱ ከሥራው ባለው ርቀት፣ ሥራው ከግድግዳው ባለው ርቀት። ምሳሌም ሰጠ። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መብራት ከሥራው 3 ሜትር ርቆ ቢሰቀል፣ ግድግዳው ደግሞ ከሥራው ኋላ 1 ሜትር ቢርቅ፣ የጥላው ጠርዝ 1.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። የሽቦው ቀለበት 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግድግዳው ላይ 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ብዥታው ከቀለበቱ ስለሚበልጥ ቀለበቱ ይዋጣል፤ የሚቀረው ግራጫ እብጠት ብቻ ነው። ሥራው ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ ግን ብዥታው ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወርዶ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ። ሁለት መብራት ሲሆን ደግሞ አንዱ የሌላውን ጥላ እያበራ ሁለቱንም ያደክማቸዋል። እንግዲህ አንድ ሥራ በአዳራሽ መካከል ተሰቅሎ ሰው እንዲዞረው ሲደረግ ጥላው የሚከስመው በቸልታ አይደለም፤ ዙሪያውን ማየትና ጥላውን ማንበብ አንድ ላይ የሚገኙ ነገሮች አይደሉም።

መልስ 8 በሙዚየም ውስጥ የምትሠራ ሴት ስትሆን አንድ ትልቅ ነገር ጨመረች። የዕድሜ ልክ ሥራ በሚታይበት ዐውደ ርዕይ ሽቦና ወረቀት ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። አሳዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሣለች ሴት ናት፤ በ1965 ታማሪንድ በተባለው የኅትመት አውደ ጥናት ብዙ የድንጋይ ኅትመቶች ሠርታለች። ወረቀት ብርሃን ይጎዳዋል፤ በተለምዶ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያልበለጠ ነው የሚፈቀድለት። ሽቦ ብዙ ብርሃን ይችላል። አዘጋጁ እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ለወረቀቱ ማዘንም፣ ለሽቦው ጥላ መስጠትም አለበት። ይህን ከማንበቤ በፊት ደብዛዛ ክፍል ሲገጥመኝ የምፈርድበት ሌላ ነበር።

በመልስ 9 የሁለተኛው መልስ ባለቤት ተመለሰ፤ አሁን ተስሎ መጣ። የመብራት ባለሙያው ራሱ ሳያስበው የእሱን ነጥብ እንዳረጋገጠለት ጻፈ። ሥራውን ከግድግዳው ተጨማሪ 70 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ጥላውን የሚያጠፋው ከሆነ ጥላው የሰቃዩ እንጂ የሠዓሊዋ ሊሆን አይችልም ነው የሚለው። እኔን ደግሞ በውዳሴ የተሸፈነ ክርክር የማቀርብ ሰው አድርጎ ገለጸኝ።

መልስ 10 የእኔ ነው። መብራት ሊገልጥ ወይም ሊሰውር ይችላል፤ ሊፈጥር ግን አይችልም። ያ ጠቆር ያለ እምብርት የሚመጣው አሳዋ በክቡ ውስጥ ክብ ስለሠራች ነው። በዓለም ላይ ያለ የመብራት ባለሙያ ሁሉ ቢሰበሰብ ውስጡ ባዶ ከሆነ የሽቦ ክብ ያንን እምብርት ማውጣት አይችልም። ሥራዎቹን ተመልከቱ። ሽቦውን በእንጨት ዘንግ ላይ እየጠቀለለች የቀለበት ረድፍ ታወጣለች፤ ቀጣዩን ረድፍ በፊተኛው ውስጥ እያስገባች ትቀጥላለች። ውጪ የነበረው ገጽ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ ይታጠፍና የውስጠኛው ክብ ገጽ ይሆናል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። የትኛው ውስጥ፣ የትኛው ውጪ እንደሆነ ለመከተል ጣት ያስፈልጋል። ብርሃኑ የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ ቀድማ የቀየሰችው እሷ ናት። ወንበር የሠራ አናጢ ስለ ጥላው አላሰበም፤ ብርሃን እንዲያልፍበት አድርጎ የሠራ ሰው ግን አስቦበታል።

መልስ 11 ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። የሳን ፍራንሲስኮው ሙዚየም አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውድ መሆኑን የሚያማርር ነበር። አንድ ሰው በባቡር መሄድ እንደሚሻል፣ ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በታች የሆኑ በነፃ እንደሚገቡ መከረው፤ ያ መልስ 12 ነው።

መልስ 13 ግን ክፍሉን ሁሉ አሞቀው። ለምን የጃፓን ተወላጅ ለሆነች አሜሪካዊት ይህን ያህል ቀለም እንደምናባክን፣ የራሳችን ቀራፂዎች እያሉ የሰው አገር ሙዚየም በር ላይ መሰለፋችን የሚያሳፍር መሆኑን ጻፈ። ቃላቱ ከዚህ የከረሩ ነበሩ፤ መድገሙ አይጠቅምም።

መልስ 14 ቁጣውን ወደ ቁም ነገር መለሰው። የጻፈው አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ሲሆን ኤልያስ ስሜን አነሣ። ኤልያስ ከመርካቶ የተለቃቀመ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር አካል እየጎነጎነና እየሰፋ ግድግዳ የሚያህል ሥራ ይሠራል። ሥራዎቹ በ2019 በኒው ዮርክ ግዛት ሃሚልተን ኮሌጅ ከሚገኘው ዌሊን ሙዚየም ጀምሮ በተለያዩ የሰሜን አሜሪካ ሙዚየሞች ታይተዋል። በዚያው ዓመት እሱና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል። ወጣቱ ያነጻጸረው ነገር ጥሩ ነው። ሁለቱም በሽቦ፣ ሁለቱም በእጅና በትዕግሥት ይሠራሉ፤ የአሳዋ ሽቦ ግን ብርሃኑን ያሳልፋል፣ የኤልያስ ሽቦ ብርሃኑን ገጹ ላይ ያስቀረዋል። የኤልያስን ሥራ ከጎን በኩል በሚመጣ ብርሃን ያየ ሰው እያንዳንዱ ጉንጉን የራሱን ቀጭን ጥላ ሲይዝ ያያል፤ ከፊት ለፊት ብርሃን ሲያርፍበት ግን ያ ሁሉ ይጠፋል። የመብራት ባለሙያው በመልስ 15 ይህን አረጋገጠ፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ መብራቱ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ መምጣት እንዳለበትም አስረዳ።

መልስ 16 ለመልስ 13 የተሰነዘረ ነው፤ ጸሐፊዋም የደሴዋ እህት ናት። አሳዋን ማየት ኤልያስን አለማየት እንዳልሆነ፣ እናቷንም ያስታወሰቻት ይህችው የሰው አገር ሴት እንደሆነች በጠነከረ ቃል ነገረችው። የራሱን ቀራፂዎች የሚወድ ሰው አንዱን እንኳ በስም ሳይጠራ መሄዱን ጠቆመች። የመልስ 13 ባለቤት ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ስለ ዳንቴሉ ያነሣችው ጥያቄ መልስ ያገኘው በቁጥር 17፣ ከጋሼ ነው። አሳዋም በ1950ዎቹ ኒው ዮርክ በሚገኘው ፔሪዶት ጋለሪ ሥራዎቿን ስታቀርብ አንዳንድ ሐያስያን የቤት ውስጥ የሴት እጅ ሥራ አድርገው እንዳዩባት አስታወሱ። በ1949 አርክቴክቱን አልበርት ላኒየርን አግብታ ስድስት ልጆች አሳድጋለች። ሽቦውን የምትሠራው እዚያው ልጆቹ መካከል ነበር፤ ኢሞጅን ከኒንግሃም ያነሣቻቸው ፎቶግራፎችም ይህንኑ ያሳያሉ። በ1973 የሳን ፍራንሲስኮው ሙዚየም ሥራዎቿን ሰብስቦ ሲያሳይ ከከተማዋ ውጪ ብዙ አልተሰማም። በ2013፣ በሞተችበት ዓመት፣ አንድ ሥራዋ በጨረታ ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ጋሼ እዚህ ላይ ያሉት ነገር ለእኔ የውይይቱ ሁሉ ከባዱ ነው፤ የደሴዋን እናት ሥራ ዝቅ ያደረገው ዐይን የአሳዋንም ሥራ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ዝቅ አድርጎ ኖሯል። ልዩነቱ አሳዋ ዳንቴሉን ከጠረጴዛ ላይ አንሥታ አየር ላይ መስቀሏ፣ ጀርባና ፊት የሌለው ማድረጓ ነው።

የደሴዋ እህት በመልስ 18 ግማሹን ተቀበለች፣ ግማሹን አልተቀበለችም። የእናቷ ዳንቴል አየር ላይ ያልተሰቀለው ሰቃይ ስላጣ መሆኑን ጻፈች። በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። ጥበቡን የሚለየው እጁ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ፣ ግድግዳና መብራት የሰጠ ሰውም ያስፈልጋል።

መልስ 19 የኦክላንዷ እናት ስትሆን ስለ ሊጡ ነገረችን። አሳዋ በ1968 በልጆቿ ትምህርት ቤት በአልቫራዶ የጥበብ ትምህርት ፕሮግራም ከመሠረቱት አንዷ ናት። በ1973 በዩኒየን አደባባይ አጠገብ ለቆመው ፏፏቴ ደግሞ ልጆችና ጎረቤቶች ከዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ በተለወሰ ሊጥ የከተማዋን ቤቶችና ሰዎች ቅርጽ ሠርተው፣ ያ በነሐስ ተቀርጾ እስከ ዛሬ አለ። ልጆቿን እዚያም እንደምትወስዳቸው፣ ነሐሱን በእጃቸው እንደሚዳብሱት ጻፈች። መልስ 20 ይህንን ስላነበበ ብቻ ሊጡ ከስንት ዱቄት ስንት ጨው እንደሚገባበት የጠየቀ አባት ነው።

የሁለተኛው መልስ ባለቤት ለመጨረሻ ጊዜ በመልስ 21 መጣ፤ ድምፁ ቀንሷል። ያ የጠቆረ እምብርት የአሳዋ መሆኑን እንደተቀበለ፣ የጥላው ጠርዝና መጠን ግን አሁንም የሰቃዩ እንደሆነ ጻፈ። ሙዚየሞች በመግለጫው ላይ የሽቦውን ዓይነት፣ ናስ ይሁን መዳብ ይሁን ብረት፣ ጽፈው የመብራቱን አሰቃቀል አለመጻፋቸው ጉድለት ነው አለ። ይህ ከእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ የተሻለ ሐሳብ ነው፤ ሥራው በተሰቀለ ቁጥር የሚለወጥ ነገር ካለ መመዝገብ አለበት።

መልስ 22 ከስዊዘርላንድ ባዝል የተጻፈ ነው። ዐውደ ርዕዩ ከኒው ዮርክ በኋላ በ2026 ወደ ስፔን ቢልባኦ ጉገንሃይም፣ ከዚያም ባዝል አጠገብ ሪኸን ወደሚገኘው ባየለር ሙዚየም እንደሚሄድ ጠቅሶ፣ በአካባቢው ያሉ ኢትዮጵያውያን አብረው እንዲሄዱ ጋበዘ። የባየለር ሕንፃ ከጣሪያው የቀን ብርሃን የሚያስገባ መሆኑን የመብራት ባለሙያው ወዲያው አነሣ። ከላይ ተበታትኖ የሚመጣ ብርሃን ጥላውን ግድግዳ ላይ አይጥልም፤ ከሥራው ሥር ወለሉ ላይ ለስላሳ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ ለባዝሎቹ የቤት ሥራ ሰጣቸው፤ አንድ ሥራ መርጠው ጠዋትና አመሻሹ ላይ ያለውን ጥላ እንዲያነጻጽሩ፣ ከግድግዳው ያለውንም ርቀት በዐይን ገምተው እንዲጽፉልን። የባዝሉ ሰው እሺ ብሏል። ቢልባኦ የምትሄዱም ካላችሁ ያንኑ አድርጋችሁ እዚሁ ውይይት ላይ ጻፉልን።